ሄሊኮፕተር በግሼ ተራራ

የሰው ልጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ጠባዩ እንደሚይዘው እጅ ነው። ሞፈር የሚጠርበው መጥረቢያ የሰውን አንገትም ይቈርጣል። እንዲሁም በሰማይ የሚበረው መኪና በአንዱ ዘመን መርዝ፥ በሌላው ዘመን እህል ይዞ ይመጣል። ይህንንም የመንዝና የግሼ ሕዝብ በገዛ አገሩ አይቶታል።

የአገሩ አቀማመጥ የታወቀ ነው። የመንዝ ጓሣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ይላል፤ መርሐ ቤቴን ደግሞ ጀማና ወንጪት በጥልቅ ሸለቆ ለይተው ይዘውታል። ገደሉ ጠላት በመጣ ጊዜ ምሽግ ነው፤ ረኃብ በመጣ ጊዜ ግን ወኅኒ ቤት ይሆናል።

ምሽግነቱም ቢሆን ሁልጊዜ አላዳነም። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በመንዝ በዘረት ዋሻ የተጠጉትን አርበኞች ከነቤተ ሰባቸው ከበበ። ዋሻውን በመሣሪያ ኀይል ማስከፈት ቢያቅተው፥ ለአውሮፕላን ቦምብ የተሰናዳውን ኢፕሪት የተባለውን መርዝ በትንንሽ በርሜል ገልብጦ፥ ወደ ዋሻው አፍ አውርዶ አፈነዳው። ከዚያም እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች በጥይት ፈጃቸው። በዚያ ስፍራ ያለቀው ሰው በብዙ መቶ የሚቈጠር ነው።

በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ ሊቃውንት ቀጥ ብሎ የሚነሣ፥ ቀጥ ብሎም የሚወርድ፥ ሰፊ ሜዳ የማያስፈልገው መኪና ለማውጣት ይደክሙ ነበር። ከነርሱም አንዱ ፍራንክ ፒያሴኪ ነው። ይህ ሰው ከፖላንድ ተሰደው በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ከተቀመጡ ወላጆች በ1912 ዓ.ም. ተወለደ፤ አባቱም ልብስ ሰፊ ነበረ። ፒያሴኪ የተመለከተው ችግር የጭነት ችግር ነው። አንድ ተሽከርካሪ ክንፍ ብቻ ያለው ሄሊኮፕተር ሸክሙ በክንፉ ትክክል ካልተቀመጠ፥ ጭነቱ እንደ ተዛነፈ በቅሎ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ አንዱን ክንፍ በፊት፥ አንዱን በኋላ አደረገ። ቃሬዛን ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ቢሸከሙት፥ በሽተኛው ጥቂት ወዲህና ወዲያ ቢል አይወድቅም፤ የፒያሴኪም ብልኀት ይኸው ነው። ሁለቱ ክንፎች በተቃራኒ ስለሚዞሩ፥ አንዱ አካሉን ሊያዞር የሚያደርገውን ግፊት ሌላው ይሽረዋል።

ለአሜሪካ ባሕር ኀይል የተሠራው የመጀመሪያው መኪና በ1937 ዓ.ም. በረረ። ክንፎቹ እንዳይጋጩ ወገቡ ስለ ጐበጠ፥ ሰዎች የሚበር ሙዝ ብለው ጠሩት። ከርሱ ቀጥሎ በ1944 ዓ.ም. የበረረው ኤች-21 ሃያ ያህል ወታደር የሚይዝ ነበርና፥ ፈረንሳዮች በአልጄሪያ ጦርነት ጭፍራ ከተራራ ወደ ተራራ አመላለሱበት። ለሰው ማዳኛ የታሰበው ብልኀት እንዲህ ሆኖ ለጦርነትም አገለገለ።

በ1977 ዓ.ም. ግን ነገሩ በግሼ ተገላቢጦሽ ሆነ። ዝናም ቀርቶ፥ ገብሱ ደርቆ፥ ከብቱ አልቆ፥ በወሎ፥ በትግራይና በሰሜን ሸዋ ሕዝብ ይረግፍ ነበር። በመስከረም ወር መንግሥቱ 10ኛ የአብዮት በዓሉን በታላቅ ወጪ ካከበረ በኋላ፥ በጥቅምት የኮረም ረኃብተኞች ሥዕል በቴሌቪዥን ለዓለም ታየና ብዙ መንግሥታት ተነሡ። በግሼ በራቤል ዙሪያ የነበረው ሕዝብ ግን የጭነት መኪና የማይደርስበት ነበር፤ ተራራውን ወርዶ እህል ወዳለበት እንዳይሄድም ጉልበቱ አልቆአል።

በጥር ወር የእንግሊዝ አየር ኀይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በራቤል ሜዳ ላይ እህል መጣል ጀመሩ። ጆንያው እንዳይፈነዳ በላዩ ሌላ ጆንያ ተደርቦ፥ ያለ ጃንጥላ፥ አውሮፕላኑ መሬቱን ሊነካ ሲቃረብ ይለቀቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ግን በምድር ቀድሞ የሚጠብቅ ሰው ይሻል፤ አለዚያ ከሰማይ የሚወርደው ጆንያ የተራበውን ይገድለዋል። ቀድሞ የሚያደርሰውም የፖላንድ አየር ጓድ ሄሊኮፕተር ሆነ። ሚ-8 የተባለው ይህ መኪና በሶቪየት ኅብረት የተሠራ፥ ባለ አንድ ዐቢይ ክንፍ፥ በሜዳ አገር እስከ 4 ቶን የሚጭን ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ግን አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳልና፥ ክንፉ የሚይዘው ያጣል፤ ሸክሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ትልቁን እህል ሄርኩሊስ ጣለ፤ ሄሊኮፕተሩ የምድሩን ሥራ የሚመሩትን ሰዎች አወረደ፥ አነሣ።

በዚያ ወራት እንግሊዝና ፖላንድ አንዱ በሌላው ላይ ጦር ያሰለፉ የሁለት ቃል ኪዳን አገሮች ነበሩ። በአውሮፓ ቢገናኙ ለመዋጋት የተማሩ ወታደሮች በግሼ አምባ ላይ አንድ ጆንያ ለማዳን ተባበሩ። እስከ 1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በየስፍራው ከአየር የጣሉት እህል ከ10 ሺህ ቶን የበለጠ ነው።

ይህ ታሪክ ለምስጋና ብቻ አይነገርም። ዘረት ከራቤል ሩቅ አይደለም፤ በሁለቱም መካከል ያለፈው 46 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን መርዝ ወደ መንዝ መንገድ አላጣም፤ እህል ግን መንገድ አጥቶ በሰማይ መጣ። ከሰማይ የወረደው ጆንያ ላመጣው ሰው ክብር ነው፤ በምድር መንገዱን ሳይጠርግ ለቈየው ግን ወቀሳ ነው።