የምዕራቡ ቴሌቪዥን በምሥራቅ ጀርመን ቤትና ትምህርት ቤት

ጀርመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሁለት ስትከፈል ድንበሩ በአጥርና በወታደር ተጠበቀ፤ የቴሌቪዥን ሞገድ ግን የኬላ ፈቃድ የሚጠይቅ አልሆነም። ሁለቱም መንግሥታት የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመሩት በዲሴምበር 1952 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው)። ምዕራብ በርሊን በምሥራቁ ግዛት መካከል በመገኘቷ ከእርሷ የሚነሣው ሥርጭት ሰፊውን የአገሪቱን ክፍል ያዳርስ ነበር። በደቡብም በባቫርያ 1,024 ሜትር ከፍታ ባለው በኦክሰንኮፕፍ ተራራ ላይ የተተከለው ማሠራጫ ድንበሩን ተሻግሮ ይደርስ ነበር።

በኦገስት 1961 የበርሊን ግንብ ከተሠራ በኋላ፣ በተከታዩ ወር የወጣቶች ማኅበር አባላት በየጣራው እየወጡ ወደ ምዕራብ የዞሩትን አንቴናዎች ያዞሩና ያወርዱ ጀመር። ዘመቻው የተሰየመው በዚያው በኦክሰንኮፕፍ ተራራ ስም ነው። ውጤቱ ግን ዘላቂ አልነበረም፤ ሕዝቡ አንቴናውን ከጣራው ሥር ሸሸገው። በ1969 የቀለም ሥርጭት ሲጀመርም መንግሥቱ የመረጠው ከምዕራቡ ፓል የተለየውን ሴካም የተባለውን ዘዴ ነበር። በዚህም የምዕራቡ ምስል በጥቁርና ነጭ ታየ እንጂ አልጠፋም።

ጣራ ላይ ያልተሳካው ቁጥጥር ወደ መማሪያ ክፍል ወረደ። ከጊዜው ተማሪዎች ትዝታ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ መምህሩ ሕፃናቱን፣ «ከዜናው በፊት በቴሌቪዥን የሚታየው ሰዓት ምልክቶቹ ነጥብ ናቸው ወይስ ሰረዝ?» ብሎ ይጠይቃል። የሁለቱ አገሮች ሰዓት መልክ ይለያይ ስለነበር፣ ሕፃኑ በቅንነት የሰጠው መልስ የወላጆቹን የማታ ልማድ ይገልጥ ነበር። ወላጆችም ልጆቻቸውን በቤት ያዩትን በትምህርት ቤት እንዳይናገሩ ማስጠንቀቅ ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ዕውቀትን የመመዘን ሥራ ፈጽሞ አይደለም። ሕፃኑን በእናቱና በመምህሩ መካከል ምስክር አድርጎ ማቆም ነው። በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜም ተማሪው ለፈተና የሚሆነውን መልስ ከመጽሐፉ፣ የሚያምነውን ደግሞ ከሌላ ቦታ መያዝ ለመደ። መምህሩም ይህን አያውቅም ነበር ለማለት ያስቸግራል።

የመንግሥቱ የራሱ ሥራም የሕዝቡን ልማድ ያመነ ነበር። ከ1960 እስከ 1989 «ጥቁሩ ጣቢያ» በተሰኘው ሳምንታዊ ዝግጅት ካርል ኤድዋርድ ፎን ሽኒትስለር ከምዕራቡ ሥርጭት የተቆረጡ ምስሎችን እያሳየ ያስተባብል ነበር፤ ያልታየን ነገር ማስተባበል አያስፈልግምና። በ1973ም ኤሪክ ሆኔከር፣ የምዕራቡን ሥርጭት ማንም ሰው እንደ ፈቃዱ ሊከፍትና ሊዘጋ እንደሚችል በይፋ ተናገረ።

ሞገዱ በሚገባ ያልደረሰባቸው ሁለት አካባቢዎች ነበሩ፤ በሰሜን ምሥራቅ ግራይፍስቫልድ፣ በደቡብ ምሥራቅ ድሬስደን። ድሬስደን ከማሠራጫዎቹ ርቃ በኤልበ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ ኮረብታዎቹ ሞገዱን ይጋርዱባታል። ቀልደኞች አካባቢውን «የምንም አያውቄዎች ሸለቆ» አሉት፤ የምዕራቡን ጣቢያ የኤ.ኤር.ዴ. ፊደላትም «ከድሬስደን አካባቢ በስተቀር» ብለው ፈቱት።

መንግሥቱ ይህ ሸለቆ ከሁሉ ይልቅ ታማኝ እንዲሆን ቢጠብቅ ባልተፈረደበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሆልገር ኬርንና የንስ ሃይንሙለር በ1988 እና በ1989 በወጣቶች ዘንድ የተሰበሰቡ መጠይቆችን መርምረው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የምዕራቡን ቴሌቪዥን የሚያዩት ከማያዩት ይልቅ በሥርዓቱ ረክተው ተገኙ። መጠይቁን ያዘጋጀው የመንግሥት ተቋም ስለሆነ መልሱን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ሆኖም አገር ለቆ ለመውጣት ማመልከቻ የሚያቀርበው ሰው ብዛት በድሬስደን አውራጃ ከፍ ያለ መሆኑ ከዚሁ ጋር ይስማማል። አጥኚዎቹ የሰጡት ምክንያት ቀላል ነው፤ ተመልካቹ በብዛት የሚፈልገው ፊልምና ጨዋታ ነበር፤ ማታ ማታም ለጥቂት ሰዓት ከኑሮው ይሸሽበት ነበር። የድሬስደን ነዋሪ ግን ይህ መሸሻ አልነበረውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በየኮረብታው የጋራ አንቴና ሲተክሉ፣ ባለሥልጣኖቹ ብዙውን ጊዜ አይተው እንዳላዩ አለፉ።