ጥምር የሙያ ሥልጠና (ጀርመን)

ጥምር የሙያ ሥልጠና ማለት በጀርመን አንድ ወጣት ከድርጅት ጋር ውል ተፈራርሞ ሙያውን በሥራ ቦታ፣ ንድፈ ሐሳቡን ደግሞ በሙያ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን የሚማርበት ሥርዓት ነው። ሥልጠናው እንደ ሙያው ዓይነት ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይወስዳል። ሠልጣኙ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፤ በቀሩት ቀናት ድርጅቱ ውስጥ ይሠራል። ዕውቅና የተሰጣቸው ሙያዎች 320 ያህል ሲሆኑ፣ ከዳቦ ጋጋሪነትና ከአናጢነት እስከ ባንክ ሠራተኛነት ይደርሳሉ። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ሥርዓቱ ከየት እንደ መነጨ የታሪክ አጥኚዎች አይስማሙም። በስፋት የሚነገረው ትረካ ከመካከለኛው ዘመን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ዘመን ለማጁ በአሠሪው ቤት እየበላና እያደረ ሙያውን ይቀስማል፤ ሲበቃ ባለሙያ፣ ከዓመታት በኋላም ዋና ባለሙያ (ማይስተር) ይባላል። ይሁንና ማኅበራቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሥራ ነጻነት በመታወጁ የቀድሞ ሥልጣናቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የዛሬው ሥርዓት የእነርሱ ቀጥተኛ ወራሽ ነው ማለት የሚከብዳቸው ምሁራን አሉ።

ከእነዚህ አንዷ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ካትሊን ቴለን ናቸው። በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለእደ ጥበብ ምክር ቤቶች ሥልጠናን የመቆጣጠርና የማረጋገጥ ሥልጣን ለሰጠው የ1897 ሕግ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጣሉ። በእርሳቸው አተያይ የሕጉ ፖለቲካዊ ዓላማ ከሥልጠና ይልቅ አነስተኛ የእጅ ባለሙያዎችን ከሠራተኛው እንቅስቃሴ ነጥሎ ከመንግሥት ጎን ማቆም ነበር። የማሽን ፋብሪካዎች የራሳቸውን ሠራተኞች ለማሠልጠንና ለመመዘን የተንቀሳቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሌሎች ደግሞ ትምህርት ቤቱን ያስቀድማሉ፤ ስማቸው የሚነሣውም ጌዖርግ ከርሸንሽታይነር (1854–1932) ነው። ከ1895 እስከ 1919 የሙኒክ ከተማ ትምህርት ኃላፊ የነበሩት እኚህ ሰው፣ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች በየሙያቸው የተደራጁ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶችን አቋቁመዋል። ደጋግሞ የሚጠቀስላቸው ምሳሌ ልጆች ከእንጨት የሚሠሩት የወፍ ቤት ነው። ልጁ አስቀድሞ ያቅዳል፤ እንጨቱን ለክቶ ይቆርጣል፤ ይገጥማል። ጠርዙ ካልገጠመ መምህሩ ሳይናገር ልጁ ራሱ ያየዋል። ለከርሸንሽታይነር የሥራ ትምህርታዊ ዋጋው እዚህ ላይ ነበር፤ ሠሪው የገዛ ሥራውን መመርመር መቻሉ።

ሁለቱ መሥመሮች፣ የሥራ ቦታውና የትምህርት ቤቱ፣ ተገናኝተው አገር አቀፍ መልክ የያዙት በ1969 በወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ ነው። ሕጉ በ2005 ተሻሽሏል።

አሠራር

ውሉ የሥልጠናውን ይዘት፣ የሚቆይበትን ጊዜና ክፍያውን ይዘረዝራል። የሙከራ ጊዜው ከአንድ ወር አያንስም፣ ከአራት ወር አይበልጥም። በድርጅቱ ውስጥ ኃላፊነት ያለበት አሠልጣኝ ይመደባል፤ አሠልጣኙ ሙያውን ማወቁ ብቻ አይበቃም፣ ማስተማር መቻሉንም በፈተና ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

ሠልጣኙ የሥልጠና መዝገብ ይይዛል። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ምን እንደ ሠራ ይጽፍበታል፤ አሠልጣኙም አይቶ ይፈርምበታል። መዝገቡ ካልተሟላ ለመጨረሻው ፈተና መቀመጥ አይቻልም። የፈተና ቦርዱ አሠሪዎችንና ሠራተኞችን በእኩል ቁጥር ይይዛል፤ የሙያ ትምህርት ቤት መምህርም ይገኝበታል። ስለዚህ ያሠለጠነው ድርጅት ብቻውን ፈራጅ አይሆንም፤ የምስክር ወረቀቱም በሌላ ቀጣሪ ዘንድ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክህሎትና በራስ መተማመን

በብረታ ብረት ሙያዎች ጀማሪው ለረጅም ጊዜ የሚተዋወቀው ከሞረድ ጋር ነው። ብረቱ ማሰሪያው ላይ ጠብቆ ይሞረዳል፤ በካሊፐር ይለካል፤ ማዕዘኑ ላይ መለኪያ ተደርጎ ወደ ብርሃን ይታያል። ብርሃን ከሾለከ ገና ነው። ልምምዱ አሰልቺ ቢመስልም፣ ወጣቱ «ይሆን ይሆናል» ከማለት ወጥቶ «ለክቻለሁ፣ ልክ ነው» ወደ ማለት የሚሸጋገርበት ይመስላል።

በእንጨት ሥራ ደግሞ የሥልጠናው ማጠቃለያ ሠልጣኙ ራሱ ነድፎ የሚሠራው የቤት ዕቃ ነው። ስለ ሥራው ከፈታኞች ጋር ይወያያል፤ ይህን ዓይነት መገጣጠሚያ ለምን መረጠ፣ መሳቢያው ለምን በዚህ አቅጣጫ ሆነ ተብሎ ይጠየቃል። በትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ብሎ የኖረ ወጣት በሙያው አፉን ሞልቶ የሚናገርበት መድረክ ነው። በራስ መተማመን በምክርና በማበረታቻ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው የሠራውን ለክቶ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ ሌላው ሲቀበለው ያድጋል። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ሀብትም ይኸው ነው።

ክፍያ

ከ2020 ጀምሮ ዝቅተኛ የሠልጣኝ ክፍያ በሕግ ተወስኗል። በዚያ ዓመት ለጀመሩ በወር 515 ዩሮ የነበረ ሲሆን በየጊዜው ጨምሯል።

ትችት

ከውሎቹ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከጊዜያቸው በፊት ይፈርሳሉ፤ ሆኖም ውሉ ከፈረሰባቸው ብዙዎቹ ወደ ሌላ ድርጅት ወይም ሙያ ስለሚዛወሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ዝቅተኛ የትምህርት ማስረጃ ያላቸውና ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣቶች ቦታ ለማግኘት የበለጠ እንደሚቸገሩም ይነገራል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ከዚህ ሥርዓት ብዙ ወስዷል። የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር 70 በመቶውን ተግባር በድርጅት፣ 30 በመቶውን ንድፈ ሐሳብ በተቋም እንዲሰጥ ያልማል። ተማሪዎች «አፓረንት መውጣት» ይሉታል። ደጋግሞ የሚነሣው ችግር ግን ሠልጣኙ በደረሰበት ድርጅት ተቀብሎ የሚያሠለጥነው ሰው አለመመደቡ ነው። 70 እና 30 የሚለው ክፍፍል በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በየጋራዡና በየወርክሾፑ ሙያውን የሚያውቅና ለማስተማር ጊዜ የተሰጠው አሠልጣኝ ካልቆመ ግን ክፍፍሉ ብቻውን ባለሙያ አያፈራም።