ዜና ነጋድያን ወመንግሥት፤ ከአሜሪካ እስከ ፎገራ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ15ኛው ዓመት፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ከአሜሪካው ፕሬዝዳንት ከሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ዓመቱ ሳይወጣም ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የኢትዮጵያን አየር መንገድ ለማቋቋምና ለማስተዳደር ውል ገባ፤ በዚህም ባለቤቱ መንግሥት፣ አብራሪውንና ሥራ አስኪያጁን የሚያቀርበው ኩባንያው ሆነ።

መንግሥትና ነጋዴ እንዲህ መጣመራቸው አዲስ አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ነጋዴውንና ቤተ መንግሥቱን ያገናኝ የነበረው ነጋድራስ፣ ማለትም የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሰብሳቢ ሆኖ የሚሾመው ሰው ነበር። አሜሪካ ይህ ማዕረግ ባይኖራትም ሥራው አልጠፋባትም፤ በ1945 ዓ.ም. የመኪና ሠሪው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ አለቃ ቻርልስ ዊልሰን የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በኩባንያው ውስጥ ያለውን አክሲዮን እንዲሸጥ አስገደደው። ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ግን የሄንሪ ካይዘር ነው። ይህ ሰው ከሌሎች ሥራ ተቋራጮች ጋር ተባብሮ የሁቨርን ግድብ በመንግሥት ውል ከሠራ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለዚያው መንግሥት መርከብ እያከታተለ ሠርቶ ከበረ።

ለሁቨር ግድብ ሥራ ውሉን የሰጠው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን፣ ማለትም ደረቅ ምድርን በመስኖ የሚያለማው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳም ሊያጠና መጣ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ አሜሪካ በሐምሌ 1948 ዓ.ም. ለግብፅ አስዋን ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ከለከለች፤ በዓመቱ ከኢትዮጵያ ጋር ዐባይን ለማጥናት ተዋዋለች፤ ጥናቱም ስለ ዐባይ ብቻ የተደረገ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ይሆናል። መሐንዲሶቹ የጥናታቸውን ውጤት በ1956 ዓ.ም. ሲያስረክቡ፣ ለመስኖ ካጯቸው ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ ነበሩ።

እነዚህ ሁለት ወንዞች ከደብረ ታቦር በኩል ወርደው በወረታ ዙሪያ ያለውን የፎገራን ሜዳ አቋርጠው የዐባይ መነሻ ወደ ሆነው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ክረምት በገባ ቁጥር ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በዋልካው ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ የፎገራም ላም በጨፌው ትሰማራለች። በክረምት የሚተርፈውን ውኃ ለበጋ ማቆየት የጥናቱ አሳብ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልተገኘም፣ ካይዘርን የመሰለ ተቋራጭም ወደ ፎገራ አልመጣም። የርብ ግድብ ሥራ የተጀመረው ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ተቋራጩ ራሱ የመንግሥት ድርጅት ነበር።