የአዴ ቦይለር

ስሙኝማ! ነገሩ ነቀምቴ ነው፤ ወሩም ሐምሌ። ዝናቡ ከነጋ ጀምሮ አላባራም። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» የሚላቸው እናት ቤት የመታጠቢያው ቦይለር ከሥሩ ያንጠባጥባል። የሚያፈሰው ከግድግዳ በወጣው አሮጌ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለው ኤልቦ፣ ማለትም የመታጠፊያው መገጣጠሚያ ነው። ዝገቱ የኤልቦውን ጥርስ ከቧንቧው ጥርስ አጣብቆ አንድ ብረት አድርጎታል።

ጎረምሳው ሠራተኛ ቀድሞ ደርሷል። በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሊንጠለጠልበት ሲል ሽማግሌው ባለሙያ ከበሩ ብቅ አሉ።

«ተው ልጄ!»

«ኦቦ፣ እምቢ አለኝ እኮ።»

«ኤልቦው እምቢ ሲልህ ግድግዳ ውስጥ ያለው ነው የሚሰበረው። ያን ጊዜ የአዴን ሴራሚክ አፍርሰን ልንገባ ነው።»

ሽማግሌው ቧንቧውን እንኳ አልነኩም፤ ቀጥ ብለው ወደ ቆጣሪው ሄዱና የቦይለሩን ብሬከር አወረዱ። ከዚያ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዘጉ፤ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን አስተነፈሱ። ታንኩ እስኪቀዘቅዝ ቡና ተፈላ። ሲበርድ ውሃውን ከታች በሴፍቲ ቫልቩ በኩል አፈሰሱት። ጎረምሳው ጊዜ የባከነ መስሎት ይቁነጠነጣል።

አልባከነም። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውሃ እዚያ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ፊንጫና አርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካዎች የተጨመቀ አገዳ አንድደው ተርባይን የሚያዞሩት በዚሁ ጉልበት ነው። እንግዲህ የተጣበቀ ኤልቦ ላላቅ ብሎ ሁለት ጫፉ የተዘጋ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ቧንቧ ላይ እሳት የሚለቅ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ አስቡት!

ኤልቦው ለምን እንደዚያ ተጣበቀ? ጋልቫናይዝድ ቧንቧን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው። ጥርስ ሲወጣለት ግን ልባሱ አብሮ ይላጣል። ስለዚህ ዝገት የሚጀምረው ከጥርሱ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲመላለስበት ደግሞ ይብሳል።

ሽማግሌው መገጣጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ዙሪያውን አጠጡና «ነገ እንገናኝ» ብለው ወጡ። ዘይት በቀጭኑ የዝገት ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገው ቀስ ብሎ ነው፤ አይቸኩልም።

በማግስቱ ሁለት መፍቻ ይዘው መጡ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! አንዱን መፍቻ ከግድግዳ በወጣው ቧንቧ ላይ አስነከሱና «ይህን ያዝ፤ ንቅንቅ እንዳትል» ብለው ለጎረምሳው ሰጡት። ሁለተኛውን ኤልቦው ላይ፣ አፉን በተቃራኒ አቅጣጫ አድርገው ገጠሙ። ያኔ ኃይሉ በሁለቱ መፍቻዎች መካከል ይቀራል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ምንም አይደርስበትም። እኔ የሚይዘውን እጅ ከሚያዞረው እጅ አስበልጣለሁ።

ከማዞራቸው በፊት ከኤልቦው ጀርባ አንድ መዶሻ ደግፈው በሌላው ከፊት መታ መታ አደረጉት። ምቱ ዝገቱን ያደቅቀዋል፤ ድጋፉ ቧንቧውን ከመታጠፍ ያድነዋል። ቀጥሎ ወደ ማጥበቂያው በኩል ትንሽ ነቅነቅ፣ መልሰው ወደሚፈታበት በኩል። ደግመው ነቅነቅ። ቀጭን የዝገት ዱቄት ወለሉ ላይ ረገፈ፤ ብረቱም ጮኸ፤ ዞረ።

«ባይፈታስ ኖሮ፣ ኦቦ? በእሳት አናሞቀውም?»

«ዘይት ያጠጣነው ላይ? ቤቱ ውስጥ?» አሉ። እውነት አላቸው። ዘይቱ ይቀጣጠላል። ዚንኩም ክፉኛ ሲሞቅ የሚያወጣው ነጭ ጭስ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ጨርሶ ካልተፈታ ኤልቦውን ራሱን መሠዋት ነው፦ የቧንቧው ጥርስ ሳይነካ ኤልቦውን በብረት መጋዝ መቁረጥ፣ ከዚያ በመሮ ሰንጥቆ ማውጣት። ኤልቦ ከሱቅ ይገዛል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር ግን ቤት ሳይፈርስ አይለወጥም።

ባሕር ማዶ፣ በእንፋሎት በሚሞቁ አሮጌ ሕንፃዎች የምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ቧንቧው በነጭ ደረቅ ሽፋን ከተጠቀለለ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና አትነካኩት፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ።

በወለጋ ከተሞች፣ ከጊምቢ እስከ ሻምቡ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ቧንቧ ያለበት ቤት ያላችሁ ሁሉ፦ ሠራተኛ ሲመጣላችሁ ብሬከሩን ማውረዱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንድ መፍቻ ብቻ ይዞ ከመጣም ሥራውን አታስጀምሩት፤ ሁለተኛውን ይዞ ይመለስ።