«ባዶ ዲስክ ነው የላካችሁልኝ»

ሳሪስ አቦ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ሦስት ቪሲዲዎች አሉ። ላያቸው ላይ የአክስቴና የባሏ ፎቶ የታተመበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ጽጌረዳ አለ፣ የተቆላለፉ ሁለት ቀለበቶች አሉ፣ ከሥር ደግሞ «ግንቦት 2001 ዓ.ም.» ይላል። አንደኛውና ሁለተኛው እየተንገዳገዱም ቢሆን ይሠራሉ። ሦስተኛው ግን መልሱ ያለበት ነው፤ 40 ደቂቃ ያህል ሄዶ አያቴ ልትመርቅ ከወንበሯ ስትነሳ ቀጥ ይላል። አያቴ በ2004 ዓ.ም. አርፋለች። በቤታችን ድምጿ የተቀዳው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ጋዜጠኝነት ተምሬ የተመረቅሁ ሰው ነኝና ያልገባኝን መጠየቅ ሙያዬ ነው (ደመወዝ ባይከፈለኝም)። ስለዚህ ያንን ሰርግ የቀረጸውንና ያቀናበረውን ሰው አፈላልጌ ጎፋ አገኘሁት። ዛሬ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ዘመን ደግሞ ምን ብለሽ አስታወስሽኝ!» አለኝና ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ወዲህ ከእሱ የሰማሁትንና ራሴ ያነበብኩትን ነው የማወጋችሁ።

በነገራችን ላይ፣ የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ የመገናኛ ታሪክ ነው። «ንፋስ ስልክ» የተባለው በ1920ዎቹ በአካባቢው ከተተከለው ገመድ አልባ የመገናኛ ጣቢያ የተነሳ ነው። ያለ ሽቦ በንፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ምስል ወደ ቤታችን ለመምጣት ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ባለቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ሰርግን በቪዲዮ ማስቀረጽም ከቪኤችኤስ ካሴት ጋር እየተለመደ መጣ። ያኔ ማቀናበር ማለት ሁለት ቪዲዮ ማጫወቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን እያጫወቱ በሌላው መቅዳት ነበር። ቅጂው ከዋናው ይደበዝዛል፣ የቅጂው ቅጂ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። ለአሥር ዘመድ የተባዛ ካሴት አሥረኛው ጋ ሲደርስ ሙሽራውን ከሚዜው ለመለየት ጠያቂ ያስፈልግ ነበር።

ዲስክ የመጣው ይህንን ጣጣ ሊገላግለን ነው። ቪሲዲ ደረጃው የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን ከመደበኛ ሲዲ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ምስል ያስቀምጣል። ጥራቱ ከቪኤችኤስ እምብዛም አይሻልም፤ በእኛ ሥርዓት 352 በ288 ነጥብ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውም ቅጂ አሥረኛውም ያው ነው። በሀገራችንም በዲጂታል ካሜራ የሚሠሩ ፊልሞች እንደ አሸን የፈሉት፣ በየሱቁም የፊልምና የክሊፕ ቪሲዲ የተደረደረው በዚህ ርካሽ ዲስክ ጊዜ ነው። እርግጥ ለባለቤቱ የረከሰው ለሌባውም ረክሷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ኮፒ የሚያደርጉት ሰዎች ሲዲ ራይተራቸውን ገዝተው ጨርሰው ነበር።

አቀናባሪያችን ወደ ሥራው የገባው በሚኒ ዲቪ ካሴት ዘመን ነው። ካሜራው በፋየርዋየር ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል። አንድ ሰዓት ቀረጻ 13 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። አንድ ሰርግ ደግሞ አምስት ካሴት ይፈጃል፤ 65 ጊጋባይት ማለት ነው። የእሱ ሃርድ ዲስክ 80 ነበር። ስለዚህ አንድ ሰርግ ሳይጠፋ ሌላ ሰርግ አይገባም። «ኦሪጅናሉ የት አለ?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ዲስኩን ባስረከበ ማግሥት ከኮምፒውተሩ ያጠፋዋል፤ ካሴቱ ላይም የሚቀጥለውን ሰርግ ይቀርጽበታል። የአያቴ ምርቃት ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ኬክ ቆርሰውበታል።

የሚጠቀመው ፒናክል ስቱዲዮንና ዩሊድ ቪዲዮ ስቱዲዮን ነበር። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ሙቪ ሜከርም ነበር፤ እሱን ግን «የልጆች» ይለዋል። ምስል በልብ ቅርጽ እየተከፈተ የሚገባው፣ ሙሽሪት በመጽሐፍ ገጽ ተገልብጣ የምትመጣው ከእነዚህ ነው። ውበቱን ለእናንተ ልተወውና ጣጣውን ልንገራችሁ። በድሮው ፋት 32 የተዘጋጀ ሃርድ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቀረጻው 18 ደቂቃ ገደማ ላይ ይቆረጣል። ሌላው የፊልድ ቅደም ተከተል የሚሉት ነው። ምስሉ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ሳይሆን ጎዶሎና ሙሉ መስመሮቹ ተራ በተራ ነው የሚመጡት። ሶፍትዌሩ ላይ ተራው ከተገላበጠ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል። ቆሞ የሚያጨበጭበው ሰው ደህና ነው፤ እስክስታ የሚወርደው ግን እስክስታው ላይ ሌላ እስክስታ ይጨመርበታል። የእኛ ሰፈር ሰዎች ይህንን የካሜራ ማኑ እጅ መንቀጥቀጥ ነው ብለው ስንቱን ቀራጭ ጠጪ አድርገውታል!

ከሁሉ የከፋው ግን የከንፈርና የድምፅ መለያየት ነበር። ኮምፒውተሩ ከካሜራው የሚመጣውን በሰዓቱ መጻፍ ካቃተው አንዳንድ ምስሎችን ይዘላል። ድምፁ ግን አይዘልም። እንዲህ እየሆነ በሄደ ቁጥር ምስሉ ይቀድማል፣ ድምፁ ይከተላል።

ይህ ሁሉ ታልፎ ወደ ዲስክ መጻፍ ሲደረስ ኔሮ ይመጣል። ኔሮ የጀርመን ሶፍትዌር ነው፤ ስሙም ሮም ስትቃጠል ከሚነሳው ንጉሥ የተወሰደ ቀልድ ነው። ዲስኩም በጨረር «ይቃጠላል» አይደል? በጨረሩ ሙቀት ከፕላስቲኩ ሥር ያለ ቀለም እየተለወጠ ነው ምስሉ የሚጻፈው። አንዴ ከተጀመረ ማቆም የለም፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ውሂብ ለአፍታ ከተቋረጠ ዲስኩ ይበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳንዮ ይህንን የሚከላከል ዘዴ አምጥቶ ችግሩ ቀለለ። መብራት ኃይልን የሚከላከል ዘዴ ግን ሳንዮም አልነበረውም።

ግንቦት 2001 ዓ.ም. ደግሞ ማንም የአዲስ አበባ ሰው የሚረሳው አይደለም፤ መብራት በፈረቃ ነበር። ተከዜና ግልገል ጊቤ ሁለት ሥራ የጀመሩት በ2002 ዓ.ም. ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ከፈረቃው ጋር ገጠመ። አቀናባሪያችን ሌሊት ኮምፒውተሩን ሲያሠራ አድሮ፣ ንጋት ላይ ሲጠፋበት፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የአክስቴን ሰርግ ለማስረከብ ወር የፈጀበትም ለዚህ ነው። እኛ ግን በሌላ ተርጉመንበት ነበር፤ አክስቴም «በላን!» ብላ ነበር። ይኸው በ17 ዓመቱ ይቅርታ ጠይቄላታለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዲስክ። ሰውዬው ዲስኩን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አንስቶ አየው። ዳሩ ላይ የጥፍር የምታህል ቦታ ብርሃን ታሳልፋለች። «ወረቀቱን የላጠው ማነው?» አለኝ።

እኔ ነኝ። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ የአክስቴን ፎቶ ደብተሬ ላይ ልለጥፍ ፈልጌ ጠርዙን ይዤ ስቤዋለሁ። ብዙዎቻችን የሲዲ ነፍሱ ከታች በሚያብለጨልጨው በኩል ያለች ይመስለናል። አይደለም፤ ፕላስቲኩ ወፍራሙ ከታች ነው፣ ብርሃን የሚመልሰው ስስ ብረት ግን ከላይ፣ ከስዕሉ ሥር ነው ያለው። የሚሸፍነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሲላጥ ብረቱም አብሮ ተነሳ። ዲቪዲ ቢሆን ኖሮ በሁለት ፕላስቲክ መካከል የተቀበረ በመሆኑ ይተርፍ ነበር። ሲዲ ደግሞ የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው የፊልሙ መጨረሻ ነው፤ የፊልሙ መጨረሻ ደግሞ ምርቃቱ ነው። የተቧጨረ ዲስክ ይጠረጋል (ከመሃል ወደ ዳር፣ ዙሪያውን ሳይሆን)፣ በሌላ ማጫወቻ ይሞከራል፣ በዝግታ ደጋግመው የሚያነቡ ፕሮግራሞችም አሉ። ብረቱ የተነሳ ዲስክ ግን የሚነበብ ነገር የለውም።

ልሄድ ስነሳ «ለአሜሪካው አጎትሽ ዲቪዲ ሠርቼ ነበር እኮ» አለኝ።

ያንን ዲቪዲ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያኮራረፈን ነው። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ማጫወቻው ውስጥ ቢያስገባው አልሠራ አለውና ደውሎ «ባዶ ዲስክ ነው የላካችሁልኝ» ብሎ ተቆጣ። እናቴም አቀናባሪውን ረገመች። ሰውዬው ራሱ ነገሩ የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ፓል የሚባለውን፣ በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳየውን ሥርዓት ነው። አሜሪካ የነበረው ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 30 ገደማ። እዚያ የሚሸጡ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ፓልን አይቀበሉም። ኮምፒውተር ግን ግድ የለውም፣ ሁለቱንም ያነባል። ለካ አጎቴ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮት አያውቅም!

የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ያ ባዶ ዲስክ አለ?» «የእናቴ ሰርግ ቤት እንዴት ይጣላል?» አለኝ፣ ባዶ መስሎት ለ17 ዓመት ካስቀመጠው ሳጥን እያወጣ። የልጁ አሮጌ ላፕቶፕ ዲስክ ማስገቢያ ነበረው። በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም ፋይሉ መጣ።

አክስቴ በእስክስታ ትንቀጠቀጣለች። ልብ ተከፍቶ መልሱ ይገባል። አያቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሯ ትነሳለች፤ እጇን ትዘረጋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመጣል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። የእናቷን ከንፈር ስለምታውቀው ለእያንዳንዱ ምርቃት ድምፁ ሳይደርስ በፊት «አሜን» ትላለች።