ነጭ አዝሙድ ከደምቢያ፣ አዩርቬዳ ከሕንድ፦ ለሆድ ሕመም ምን ያህል ይረዳሉ?



ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በደምቢያ ሜዳ ላይ በምትገኘው ኮላ ድባ ሆዱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጓዳውን ነው። ሆዱ ለተነፋ ነጭ አዝሙድ ይፈላለታል፤ ለቆረጠው ጤናዳም በቡና ይሰጠዋል፤ ፌጦ በሎሚ ይሻላል የሚልም አለ። ካልተሻለው ወደ መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው።

መምህር በነበርኩበት ጊዜ ሆዱን እያመመው ከክፍል የሚቀር ተማሪ ነበረኝ። እናቱ ያላፈላችለት ቅጠል አልነበረም። ከወራት በኋላ ሰገራው ሲመረመር ቢልሃርዚያ ተገኘበት፤ በአንድ ቀን መድኃኒት ታከመ። እናቱ አልሰነፈችም። ያጣችው የሕመሙን ምንጭ ማወቅ ነበር።

አሁን ደግሞ «አዩርቬዳ» የሚባል የሕንድ ዱቄትና እንክብል በስልካችን ሳይቀር ይተዋወቃል። ይህ ጽሑፍ የእነሱም ሆነ የእኛ ዕፅዋት ለሆድ ሕመም ምን ያህል እንደሚረዱና የት ላይ መቆም እንዳለብን ያሳያል።

አዩርቬዳ ምንድን ነው?

አዩርቬዳ ሕንዶች ለረጅም ዘመናት ሲታከሙበት የቆዩበት ባህላዊ ሕክምና ነው። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህና ለመሰል ሕክምናዎች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቁሟል። በአዩርቬዳ አስተሳሰብ የጤና መሠረቱ ምግብን የሚፈጭ የሆድ «እሳት» ነው። ለዚህም ዝንጅብል፣ እርድ፣ አብሽና ነጭ አዝሙድ በብዛት ይታዘዛሉ። አራቱም በእኛ ጓዳ አሉ። ሕንዶች «አጅዋይን» የሚሉት ዘር የደምቢያ ገበሬ የሚያመርተው ነጭ አዝሙድ ነው። ለሆድ ትል የሚሰጡት «ቪዳንጋ» ደግሞ የእኛ እንቆቆ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ሕንድ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሳችንም ነው።

ምርምሩ ምን ይላል?

ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። እርድን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2023 በታይላንድ በ206 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ምክንያቱ ባልታወቀ የምግብ አለመፈጨት ላይ በእርድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከኦሜፕራዞል ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጥቷል። ነጭ አዝሙድ ታይሞል የሚባል ቅመም ስላለው ለሆድ መነፋት መስጠቱ ምክንያት አለው፤ ይሁን እንጂ በሰው ላይ የተደረገው ጥናት ጥቂት ነው።

«ጨጓራ» የምንለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኤች ፓይሎሪ በሚባል ባክቴሪያ ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን በማዘውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የ88 ሕሙማን ጥናት ጥቁር አዝሙድ ከኦሜፕራዞል ጋር በቀን 2 ግራም ከወሰዱት መካከል ባክቴሪያው 67 በመቶ ያህሉን ለቋል፤ የተለመደውን የፀረ ባክቴሪያ ሕክምና ከወሰዱት ግን 83 በመቶ ያህሉን። አዝሙዱ ረድቷል፤ የሐኪሙን መድኃኒት ግን አልተካም።

ኮሶም ቢሆን ተረት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ነበር። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያዞራል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል። ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል አንዴ ተውጦ ይበቃል።

ሐዲሶቹን እንዴት እንረዳቸው?

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት አንድ ሰው ወንድሙ ሆዱ እንደታመመ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግራቸው ማር እንዲያጠጣው አዘዙት፤ ሰውየው ተመላልሶ እስኪሻለው ድረስም ደጋገሙለት። ጥቁር አዝሙድም ከሞት በቀር ለሁሉ ፈውስ እንደሆነ በሁለቱም ተዘግቧል። ኸጧቢን የመሰሉ ዑለሞች ቃሉ አጠቃላይ ቢሆንም የታለመለት የሕመም ዓይነት አለ ብለው አብራርተዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ እያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለውና መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲገጥም በአላህ ፈቃድ እንደሚድን ተነግሯል። ለመግጠም ደግሞ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርመራ ተወኩልን አያፈርስም፤ ሰበቡን ማድረስ ነው።

አቡ ዳዉድ እንደዘገቡትም በሕክምና ዕውቀት ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። እንቆቆና መሰሎቹን በጠላ ወይም በአረቄ በጥብጦ መውሰድም ለእኛ አይሆንም፤ አስካሪ መጠጥ መድኃኒት እንዳልሆነ በሐዲስ ተነግሯል። ውኃ ወይም ወተት ይበቃል።

አደጋው የት ላይ ነው?

የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በኢንተርኔት ከተሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስቱ በአንዱ ያህል ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝተዋል። እርሳስ ራሱ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ያመጣል፤ ለሆዱ ብሎ የገዛው ሰው ሌላ የሆድ ሕመም ይገዛል ማለት ነው። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ እሽግ አትውሰዱ።

ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶም ሆነ ብዙ ጤናዳም መውሰድ የለባትም። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ሲያበዛ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ዝንጅብልና እርድ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ለቀላል መነፋትና ማቅለሽለሽ ነጭ አዝሙድ ወይም ዝንጅብል አፍልቶ ለጥቂት ቀናት መጠጣት አይከፋም።
• ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ የሆድ ሕመምም ይመርመር። በተለይ ጣና ዳር ወይም በሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ የሚውል ሰው ቢልሃርዚያን ያስታውስ።
• ተቅማጥ የያዘው ሰው የሚጎዳው ውኃ በማጣቱ ነው። ኦ.አር.ኤስ. ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ስጡ፤ ለሕፃናት ከጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጣል።
• የወሰዳችሁትን ቅጠልም ሆነ ዱቄት ለባለሙያው ንገሩ። አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ ካላወቀ መድኃኒቱን ሊያጋጭባችሁ ይችላል።

የጓዳችን አዝሙድ ከአላህ የተሰጠን ጸጋ ነው፤ ምርመራውም እንዲሁ። አንዱን ስናከብር ሌላውን አንጣ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።