ሞተሩ እስኪደርስ

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣሊያ መንግሥታት የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከውሉ ጋር የተያያዘው ስምምነት ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ ነጻ ቀጣና እንድታገኝና ሁለቱ አገሮች ተባብረው ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠሩ የሚል ነበር። መንገዱ ግን በውሉ መሠረት ሳይሠራ ቀረ። ኢጣሊያ ትቸኩል ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ መንገድ መድፍም ጭኖ ሊመጣ እንደሚችል አልጠፋቸውም። ስለዚህ ጠበቁ። ሃያ ዓመት ይጸናል የተባለው ወዳጅነት ከሰባት ዓመት በኋላ በጦርነት ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የደሴ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዪቱ ውስጥ ሳሉ የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። በሚያዝያ ወር ደሴ ተያዘች፤ በ18ኛው ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ከአንድ ሺህ በላይ መኪናዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ፋሺስቶች ይህን ጉዞ “የብረት ፈቃድ ማርቻ” ብለው ሰየሙት። ማርቻ በቋንቋቸው ሰልፍም ጉዞም ነው፤ የመኪና ማርሽም ነው። ልክ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ደሴ ከኢጣሊያኖች እጅ ወጣች። ማርቻቸው አለቀ፤ ማርሹ ግን እዚሁ ቀረ።

ከማርሹ ጋር መንገዱም ቀረ። በውል ያልተሠራው የደሴና የአሰብ መንገድ በወረራው ዘመን ተሠርቶ ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን በኩል ወደ ባቲ ይወርዳል፤ ከባቲም አልፎ በሚሌ በኩል በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ያመራል። የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. እስኪፈነዳ ድረስ የአገሪቱ ዋና የገቢና የወጪ በር አሰብ ስለነበር፣ ደጋን የሾፌር ከተማ ሆና ኖረች። ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

በዚህ መንገድ ላይ ስሙ እስከ ዛሬ በአክብሮት የሚጠራው መኪና “ኤንትሬ” ነው፤ በሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3። የ682 ዘር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። “ኤን” የምትለው ፊደል ራሷ “ናፍጣ” የሚለው ቃል መነሻ ናት፤ “ትሬ” ሦስት ማለት ነው። ሾፌሮቻችን የፋብሪካውን ቁጥር ወስደው የሰው ስም አደረጉት።

አጎቴ ደጋን ይኖራል፤ ዕድሜውን የጨረሰው በኤንትሬ መሪ ላይ ነው። የመኪናው ሞተር ዘይት መብላትና ነጭ ጭስ መትፋት ሲጀምር አውርዶ ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ ጋራዥ ሰጠው። ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው። በዚህ መሃል አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መጥቶ መኪናውን በኪሎ ሒሳብ ልግዛህ አለው። ልጆቹ “ሽጠው” ይሉታል፤ እርሱ ግን ይጠብቃል። ጋራዡ በሄደ ቁጥር ባለሙያው፣ “አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ኢንሻአላህ ለሰኞ” ይለዋል። አጎቴም፣ “ልጄ፣ የባቲ ገበያ እንኳ በየሰኞው ይውላል፤ የኔ ሰኞ መቼ ነው?” ብሎ ይመለሳል።

አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ባለሙያውን ምን እንዳዘገየው ጠየቅሁት። መልሱ እንደ ጠበቅሁት ምክንያት ድርደራ ሳይሆን ትምህርት ሆነልኝ። ያረጀ ሞተር ከሌላው ያረጀ ሞተር ጋር አይመሳሰልም፤ እያንዳንዱ የሚያልቀው በሄደበት መንገድ፣ በጫነው ሸክምና በነዳው ሰው ልክ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ተፈትቶ ይለካል። ኮሎው ተልጦ ሲስተካከል ብዙውን ጊዜ በሩብ ሚሊሜትር እየቀጠነ ይሄዳል፤ ብሮንዚናው ደግሞ በዚያው መጠን የወፈረ መሆን አለበት። ልኩ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም፤ ዕቃው ሳይገኝ አይገጠምም። መመረቱ ለቆመ መኪና ደግሞ ዕቃው በመደብር ተደርድሮ አይጠብቅም፤ ከሞተ መኪና ይነቀላል፣ ካልሆነም ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው የአበው ተረት እዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሩብ ሚሊሜትር የተሳሳተ ሰው በሚሌ በረሃ መሃል ሞተሩን ያስነክሳል።

ቆሜ ሳዳምጥ ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ቋንቋው ነበር። የሲሊንደሩ ውስጥ ልባስ “ካሚቻ” ይባላል፤ በጣልያንኛ ሸሚዝ ማለት ነው። ፒስቶኑን የሚከቡት ቀለበቶች “ፋሻ” ናቸው፤ ቁስል የምናስርበት ፋሻ ማለት ነው። የሞተሩ ክዳን “ቴስታታ” ስሙን ያገኘው ራስ ከሚለው ቃል ነው። “ኮሎ” ደግሞ አንገት ነው፤ የጥንት መካኒኮች ያን ጠማማ ዘንግ የዝይ አንገት ይሉት ነበርና። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ሞተሩ ራስና አንገት ያለው፣ ሸሚዝ የለበሰና ቁስሉ በፋሻ የታሰረ ሰው ሆኖ ጋራዡ ወለል ላይ ተኝቷል። ይህን ዘይቤ ከባዕድ ወስዶ የራሱ ያደረገው ገጣሚ አይደለም፤ እጁ ግራሶ የነካው የወሎ መካኒክ ነው። ቃላቱ የመጡት ከወራሪው ጋር ነው፤ ከነጻነት በኋላ በቀሩ ኢጣሊያውያን ጋራዦች እየተሠራባቸው ጸንተው፣ ከዚያም ከጌታ ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ረዳት ሲተላለፉ የኛ ሆኑ።

የወሎ ምድር ከዚህ ቀደምም የጠባቂ ሰው ታሪክ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ እንዲያፈሱላቸው አዘዙ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መሣሪያ ሊሠሩ ስላልነበረ፣ ሙያውን እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸውም ተማሩት። ንጉሡ ጠበቁ። ሴባስቶፖል በመጨረሻ ወጣ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እዚያው ራሳቸውን ሰዉ። መድፉ ዛሬም በዚያው አምባ አለ። የጋፋት ሙያ ግን ወራሽ አላገኘም፤ ሠራተኞቹ ከአገር ሲወጡ አውደ ጥናቱም ምድጃውም ቀዘቀዘ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልዩነት ነው። ጋፋት መሣሪያ አፈራ፤ ባለሙያ ግን አላተረፈም። የኮምቦልቻና የደሴ ጋራዦች በተቃራኒው መኪና ሠርተው አያውቁም፤ ነገር ግን የሌላውን አገር ሞተር ሁለትና ሦስት ሕይወት የሚያኖር እጅ አፍርተዋል። ይህ እጅ የሚታደሰው ጊዜ ሲያገኝ ነው። ሁሉም ሰው ሞተሩን በኪሎ ሲሸጥ የሚቀልጠው ብረቱ ብቻ አይሆንም፤ የሚለካው ዓይንና የሚጠራው ቃል አብረው ይቀልጣሉ። ቃላችንን የሚሰበስቡ ሊቃውንት ገዳማትንና ቤተ መንግሥትን እንደ ጎበኙ ሁሉ፣ ጋራዥ ገብተው አንድ ከሰዓት ቢቀመጡ መዝገበ ቃላታችን ይወፍር ነበር።

አጎቴ ለብረት ነጋዴው እንቢ ብሏል። ሞተሩ ሲደርስም ወዲያው ጭነት አይነሣም፤ አዲስ የተገጠሙት ብረቶች እስኪላመዱ ድረስ ሮዳጅ አለ፤ ሳይጫን፣ ሳይሮጥ፣ በዝግታ ይነዳል። አምስት ወር የጠበቀ ሰው ይህ አይከብደውም። ኢንሻአላህ፣ ለሰኞ።